ቀላሏ ድክመት

ግንቦት 4፣ 2017፣ ሰኞ

ፍሬሕይወት ከአዳማ በደወለች ቁጥር "እማ፣ የሚያንገበግብሽን ሁሉ እኔ ላይ ከምታወርጂብኝ ደብተር ላይ ጻፊው፤ ለግፊትሽም ጥሩ ነው" ትለኛለች። ልጅ መምህር ከሆነች እናቷንም ታስተምራለች። እንግዲህ የሚያንገበግብ ነገር ዛሬ ተገኝቷል።

ቢሮዬ ወጣ። ጠረጴዛዬን፣ ሁለቱን ወንበሮችና የፋይል ቁም ሳጥኔን አውጥተው የማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ደረደሯቸው። ከንቲባዋ ቦንቱ ራሷ ናት የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ይዛ ያወጣችው። "አዴ ሸዋዬ፣ ቅሬታ ሰሚ በር ዘግቶ ምን ይሰማል?" አለችኝ እየሳቀች። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሕዝቡ ጥበቃ ሳይለምን፣ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ሳይባል መጥቶ ይናገር ነው ነገሩ። የራሷም ቢሮ የሚከፈተው ወደ በረንዳው ነው፤ በሩን ወለል አድርጋ ድንጋይ አስደግፋዋለች። ይህን ማን ይጠላል? ግን እኔ ያቺን ክፍል ያገኘሁት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ ነው። መጋረጃዋን የሰፋሁት ራሴ ነኝ። ቦንቱ በዕድሜ የልጄ እኩያ ናት፤ አንድ ቀን ቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቀኑን ሙሉ ወረቀት በጠጠር ስጭን ዋልኩ። የዚህ አገር ነፋስ እንደሆነ አቧራውን ቆጥቦ አያውቅም።

አልተከፋሁም። እንዲያው ለመጻፍ ያህል ነው።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

በረንዳው ላይ ሰው ይመጣል። ከዚህ በፊት ደጃችንን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ባለጋሪዎች፣ ከገበያው ጥግ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች፣ ከገጠር የመጡ ሽማግሌዎች። በኦሮምኛ የሚያወራኝን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የሚያወራኝን በአማርኛ አስተናግዳለሁ። ትናንት አንድ ባለጋሪ ፈረሱን የሚያጠጣበት ቦኖ መዘጋቱን ሲነግረኝ ቦንቱ ከቢሮዋ ብቅ ብላ ቆማ አዳመጠችው። ከሰዓት በኋላ ቦኖው ተከፈተ። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ገለቶማ ብሎ አመስግኖ ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ ቀና አደረገችው።

በቀድሞዎቹ ዘመን ይህ ጉዳይ ክረምት ከበጋ ያመላልስ ነበር። ሰባት ከንቲባ ሸኝቻለሁ፤ አውቃለሁ። ከንቲባ ይመጣል ይሄዳል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግን ያው ነው ስል ነው የኖርኩት። አሁን ግን እንጃ።

ጉሮሮዬ በአቧራ ተዘግቷል።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ታች ሰፈር፣ እኛ ዘንድ፣ የጎርፍ ስብሰባ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ከተራራው የሚወርደው ውሃ ቤታችን እየገባ እግራችንን አርሶ ይወጣል፤ ለምደነዋል። ቦንቱ ግን ጎርፍ የሚለመድ ነገር አይደለም አለች። መሐንዲሱን ማናሴን ይዛ መጥታ መሬት ላይ በእንጨት እየጫረች አሳየችን። የድሮው የውሃ መንገድ አለ፤ ቀጥ ብሎ ወርዶ ሜዳው ላይ የሚያርፍ። ባለሆቴሉ አቶ አስፋው የሆቴሉን የግንብ አጥር የሠራው እሱ ላይ ነው። ማን እንደፈቀደለት እኛም አሁን አንጠይቅም። ቦዩ በቀጥታ ይቆፈራል፣ ግንቡ ይፈርሳል፣ እኛም በመስመሩ ያለነው ከአጥራችን ትንሽ ትንሽ እንለቃለን።

ሰዉ አጉረመረመ። ስንቱ መጥቶ ቃል ገብቶ ሄዷል። ጎረቤቴ ሳፊያ ተነስታ ወደ እኔ ዞረች። "ሸዋዬ፣ አንቺ እዚያው ውስጥ ነሽ። ይሆናል ትያለሽ?" አለችኝ።

ይሆናል አልኳት። በሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ሳፊያ ማንንም ሳትጠብቅ አጥሯን በገዛ እጇ አፈረሰች። የኋላ ክፍሏ ውስጥ እናቷ ተኝተዋል፤ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ክፍሉ ጭቃ ቤት ነው፣ አጥሩ ሲወርድ ከአዲሱ ቦይ ጋር ፊት ለፊት ሆነ። ግድ የለሽም፣ ውሃው ቦዩን ይዞ ያልፋል አልኳት። በመስኮት አሮጊቷን ሰላም አልኳቸው። ቦዩ ሲያልቅ በር ላይ አውጡኝና የሚሄደውን ውሃ ልየው አሉ። ሳቅን።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ስካቫተሩ ከላይ ጀምሮ እየቆፈረ ወርዷል። የሆቴሉ ግንብ ጋ ለመድረስ ትንሽ ቀርቶታል።

ዛሬ አቶ አስፋው መጣ። ድሮ በጓሮ በር ገብቶ ከንቲባው ክፍል ሻይ ጠጥቶ የሚወጣ ሰው በረንዳዬ ላይ ቆመ። እኔ በልማድ ተነሳሁ። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ሻይ ይምጣልዎ አልኩ። የቀረው ቢቀር የአገር ሰው ነው፣ እድሜም አለው። አግዳሚው ላይ ከሴቶቹ ጎን ማስቀመጥ ነውር መሰለኝ። ቦንቱ በክፍቱ በር አየችኝና "አዴ ሸዋዬ፣ ወረፋ አለ" አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሰማ። ሽንኩርት ሻጮቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ወረፋው ሲደርሰው ግንቡ የቆመው የውሃው መንገድ ላይ መሆኑን፣ ከነገ ወዲያ እንደሚፈርስ በትህትና ነገረችው። እሱም በትህትና ሰምቶ ወጣ። ትክክል ናት። እንዲህ የሚናገር ሹም አይቼ አላውቅም።

ግን ለእኔ በሰው ፊት እንደዚያ መናገር ነበረባት? ቀስ ብላ ጠርታ ብትነግረኝ ይገባኝ ነበር። ፊቴ እስከ ማታ እንደጋለ ነው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ግንቡ አልፈረሰም። ስካቫተሩ ተበላሸ ተባለ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ምክትል ከንቲባው ኢተፋ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ እትዬ ብሎ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነው ሰላም የሚለኝ። ይህን ጠረጴዛ እዚህ ሳየው ልቤ ይደማል አለኝ። ለምጄዋለሁ አልኩት።

የመጣው ለግምገማው ነው። ቅዳሜ የዓመቱ መዝጊያ ግምገማ አለ፤ ከዞን ሰዎች ይመጣሉ፣ ሠራተኛውም ይቀመጣል። ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ብነግረው አያምነኝም፣ ነገር ግን የኖርንበት ነው። ስለ አንድ አመራር ጥንካሬው ብቻ ከተነገረ የበላዮቹ "ተሸፋፍነዋል" ብለው የባሰውን መቆፈር ይጀምራሉ። ስለዚህ የሚወድህ ሰው ቀድሞ ተነስቶ ቀለል ያለች ድክመት ያነሳልሃል። እሷ ትመዘገባለች፣ አንተም "እቀበላለሁ ግን" ብለህ ታለዝባታለህ፣ ይታለፋል። እኔ ራሴ ለስንቱ ከንቲባ አንስቻለሁ! "ሥራ ያበዛል፣ ጤናውን አይጠብቅም።" "ሰው ስለሚያምን ይጎዳል።" ጭብጨባ፣ ከዚያ ምሳ።

ለቦንቱም ቀላሏን ድክመት እርስዎ ያንሱላት አለኝ ኢተፋ። ከወዳጅ አፍ ትውጣ። "ትቸኩላለች፤ የቦዩን መስመር ከአመራር ኮሚቴው ጋር ሳትመክር ወሰነች" በቂ ነው፣ እሱም እውነት ነው፣ ማንንም አይጎዳም አለ። እውነት ነው። ትቸኩላለች። ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ሲነሳ ይቺ ክፍል ለማንም ሳትሆን ተዘግታ መቀመጧ ያሳዝናል ብሎ በመስኮቷ አጮለቀ። መጋረጃው አሁንም አለ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ግምገማው አለቀ። ደክሞኛል። ነገ እጽፋለሁ።

ቦንቱ ምን ሆና ነው እንዲያ ያለችው?

ሰኔ 22፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነው የምጽፈው። ቅዳሴው ላይ ልቤ አልነበረም።

መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ጥንካሬዋን አስቀደምኩ፤ በረንዳውን፣ ቦኖውን፣ ሕዝብ ማዳመጧን። ከዚያ ቀላሏን ድክመት አነሳሁ። ትቸኩላለች፣ የቦዩን መስመር ከኮሚቴ ጋር ሳትመክር ወሰነች አልኩ። አንድ ሁለት ቃልም ከራሴ ጨመርኩ መሰለኝ። መድረክ ላይ ሰው ሲናገር ይሞቀዋል። ሁሉንም አላስታውስም።

እዚህ ላይ ቦንቱ ማድረግ ያለባት ግልጽ ነበር። "እቀበላለሁ፣ ግን የክረምቱ መድረስ አስገድዶኝ ነው" ብላ ማለዘብ። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እሷ ግን ተነስታ አየችኝና "አዴ ሸዋወርቅ ያሉት ትክክል ነው። አልመከርኩም። ተቀብያለሁ" ብላ ተቀመጠች። ግን የለ፣ ነገር ግን የለ። ማን ተቀበይ አላት?

ከዚያ ኢተፋ ተነሳ። ከወዳጇ የመጣ፣ ራሷም ያመነችው ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም አለ። የጋራ አመራርን የጣሰ ግለኝነት ነው አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላው፣ ከሌላው ቀጥሎ ሌላው። ሁሉም ንግግሩን ሲጀምር "እትዬ ሸዋወርቅ እንዳሉት" እያለ ነው። እኔ ያላልኩት ሁሉ እኔ እንዳልኩት ሆነ። ተነስቼ "እኔ እንዲህ አላልኩም" ልል አሰብኩ። እጄንም ያነሳሁ ይመስለኛል። መድረክ መሪው አላየኝም፤ ወይም ብዙም ከፍ አላደረግኩት ይሆናል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ግን እኔ ለእሷ ብዬ ነው። ቀላሏን ነው ያነሳሁት። አገር ያውቃል።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ቦንቱ ከሥልጣን ተነሳች። ሻሸመኔ፣ ዞን መሥሪያ ቤት፣ ባለሙያ ሆና። ኢተፋ ተጠባባቂ።

ዕቃዋን ራሷ ተሸክማ በበረንዳው ስታልፍ ቆሜ ነበር። ሰላም አለችኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብላ። ደህና ሁኚ ልላት ስል ባለጉዳይ መጣብኝ።

በሯን አስደግፎት የነበረውን ድንጋይ ዲበኩሉ፣ ጥበቃው፣ በእግሩ ወደ ጓሮ ገፋው።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ክፍሌ ተመለሰችልኝ። ጠረጴዛዬ ቦታው ገባ፣ መጋረጃውን አጥቤ ሰቀልኩት። ኢተፋ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ባለጉዳይ ከእንግዲህ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብቻ እንዲገባ ወስኗል፤ ሥርዓት ያስፈልጋል። ጸጥታው ደስ ይላል። ጉሮሮዬም ለቀቀኝ።

የቦዩን ጉዳይ ጠየቅሁት። መስመሩ ያለ ኮሚቴ የተወሰነ ስለሆነ እስኪጠና ይቆያል አለ። እስከ ግንቡ ተቆፍሮ የቆመውስ? እሱም ይጠናል። ክረምቱ ገብቷል እኮ ስለው "እትዬ፣ ያለ ምክክር ተወሰነ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ አሁን ያለ ምክክር እንቀጥል ነው የሚሉኝ?" ብሎ ሳቀ። ፈገግታው ያው የድሮው ነው። እጄንም ያዘኝ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት ለካ ይህ ነው። ከዳኝ። በእናቴ ዕድሜ ነዎት ሲለኝ የነበረ ልጅ አፌን ተውሶ ሰው ገደለበት። አልቅሼ ነው ቤቴ የገባሁት። እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

የአዲሱ በጀት ዓመት ግብዣ ተባለና አቶ አስፋው ሆቴል ተሰበሰብን። አልሄድም ብዬ ነበር። ብቀር ግን ምን ይላሉ? የዓሣ ጥብስ ነበር። ጥሩ ነበር፣ መዋሸት አልችልም። ከተቀመጥኩበት ግንቡ ይታየኛል፤ ከወዲያ በኩል ቦዩ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

ኢተፋ ብርጭቆውን አንስቶ ለጠረጴዛው ሁሉ ተናገረ። "እትዬ ሸዋዬ በዚያ መድረክ 'ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ እንደ በርበሬ በረንዳ ላይ ተሰጣሁ፣ የሰው ክብር የማታውቅ ለሕዝብ አትሆንም' ባይሉ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቀመጥም ነበር" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። አቶ አስፋው ራሱ መጥቶ ዓሣ ጨመረልኝ።

እንደዚያ ብያለሁ? ብያለሁ እንበል። ስለ ጠረጴዛው ብዬ አልነበረም ግን። ስለ ሠራተኛው ክብር በጠቅላላው ነው።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ዝናብ። ሳፊያ ቦዩ መቼ ያልቃል አለችኝ። እየተጠና ነው አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ድምፄን አላወቅሁትም፤ ሰባቱም ከንቲባዎች ይሉት የነበረው ነው።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ከምሳ በኋላ ተራራው ላይ ጠቆረ። እኛ ዘንድ ገና ጠብ ሳይል ውሃው መጣ። ድሮ ተበትኖ፣ ቀስ ብሎ፣ እግር አርሶ የሚያልፈው ውሃ ዘንድሮ በቦዩ ተሰብስቦ ወረደ። ግንቡን መታ። ግንቡ አልተነቃነቀም፣ ደኅና ሲሚንቶ ነው። ውሃው ዞረ። የዞረው ወደ ታች ሰፈር ነው። ሳፊያ አጥሯን ባፈረሰችበት በኩል።

ከመሥሪያ ቤት ሮጬ ስደርስ የኋላው ክፍል ግድግዳ ወርዷል። ጎረቤቶች አሮጊቷን ከነፍራሻቸው አንስተው እደጅ አውጥተዋቸዋል፣ ከላይ ዝናቡ ይወርዳል። ነጠላዬን አለበስኳቸው። እሱም ራሰ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ሳፊያ ውሃው ውስጥ ቆማ ዱቄቷን፣ ብርድ ልብሷን፣ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ትለቅማለች። ወላሂ ምንም አላለችኝም፤ ወላሂ የእሷ መማያ ነው፣ እኔም በእሱ መማል ጀመርኩ። ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰዉ ግን የሚሳደበው ቦንቱን ነው። ቦይ ቆፍራ ጎርፍ ያመጣችብን እሷ ናት ይላሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ከአጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። ግንቡን ልታፈርስ እንደነበር ሁሉም ያውቁ ነበር፣ በአንድ ወር ረሱት። ልናገር ብዬ ነበር። ያን ጊዜ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ሰው በውሃ ተይዟል።

የእኔ ቤት ትንሽ ከፍ ስለሚል ምንጣፉ ብቻ ነው የራሰው።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ኢተፋ መጥቶ ጉዳቱን ጎበኘ። ቦት ጫማ አድርጎ። ፎቶ። ችግሩ ካለፈው አመራር የተወረሰ ነው አለ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

የሳፊያ እናት አረፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳል ይዟቸው ነበር፤ ሳንባቸው ነው አሉ ሐኪሞቹ። ከጁምዓ በኋላ ተቀበሩ። ሴቶቹ ጋ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ሳፊያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ አለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ፣ ከልቤ ነው። ግን ትከሻዬ ከበደኝ፤ ቀና በይልኝ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

የሚሄደውን ውሃ ልየው ብለው ነበር።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ፍሬሕይወት ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኢተፋ እንዴት እንደተጫወተብኝ፣ ቦንቱ አጉል ተቀብያለሁ ብላ ነገሩን እንዳበላሸችው፣ ሰዉ እንዴት ቶሎ እንደሚረሳ። ሁሉም ከድተውኛል አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "እማ፣ ጠረጴዛሽ ባይወጣ ኖሮ ያን ትናገሪ ነበር?" አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁባት። ልጅ እናቷን እንዲህ ትጠይቃለች?

ግን አንድ ነገር ልጻፍ፣ ለራሴ ነው። አመራር ሁሉ አንድ ነው ስል ነው የኖርኩት። በግም ከበግ ይበልጣል በሚሉት የማሾፍ፣ ማንም መጣ ማን ደመወዜን የምበላ ሴት ነበርኩ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ያቺ ልጅ በቆየችበት ጊዜ የሠራችው ትልቅ ነገር የለም። በር ከፈተች፣ ቦኖ አስከፈተች፣ አንድን ሀብታም ወረፋ አስያዘች። ግን አንዲት አሮጊት በሕይወት መኖርና አለመኖር በዚያ ወረፋ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ማን ይነግረናል? እሷ ሳትነሳ በፊት ማን ነገረን?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሻሸመኔ ሄድኩ። ለበዓል ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ነው ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ የጠየቅሁት፤ ጨርቁንም ገዝቻለሁ።

ቦንቱን ያገኘኋት የኪራይ ሕንፃ ላይ፣ ከሌሎች ጋር በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ከሻይ ብርጭቆ በቀር ምንም የለም። ስታየኝ ተነሳች፣ አካም ጅርቱ አለችኝ፣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ከስታለች። ስለ ጎርፉ ሰምታለች፤ ስለ ሳፊያ እናት ግን አልሰማችም ነበር። ስነግራት ወደ መስኮቱ ዞረች።

መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁትን ነገርኳት። ለአንቺ ብዬ ነው፣ ቀላሏን ድክመት ነው ያነሳሁት፣ ኢተፋ አታለለኝ፣ አንቺ ደግሞ ብታለዝቢው ኖሮ ይታለፍ ነበር አልኳት። አላቋረጠችኝም። ያዳመጠችኝ ባለጋሪውን እንዳዳመጠችው ነው።

"አዴ ሸዋዬ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ቸኩያለሁ፤ እውነትዎን ነው። ክፍሉንም አስቀድሜ ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር፤ እሱ ሲያመኝ ይኖራል። ግን የእኔ በር ክፍት ነበር። ከወንበርዎ ሳይነሱ ቢነግሩኝ ይሰማኝ ነበር። እዚያ ያስቀመጥኩዎ ለዚያ ነበር።"

ክፉ ቃል አልጨመረችም። ሻይ አዘዘችልኝ። መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ፣ የጨርቁን ፌስታል ይዛልኝ። መኪናው ውስጥ ከኩየራ ጀምሮ እስከ አርሲ ነገሌ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሞት ደርሶብኝ መስሏት ስታጽናናኝ መጣች።

መስከረም 5፣ 2018፣ ሰኞ

የባለጉዳይ ቀን ነው። ዲበኩሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ሳፊያ መጥታለች፣ ላስገባት ወይ አለኝ። ለሳፊያ እንኳ ፈቃድ እየተጠየቀ ነው። ገባች።

ስለ ግድግዳዋ ማመልከት ፈልጋለች። እኔ እጽፍልሻለሁ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። በማን ላይ ነው የምታመለክቺው ብዬ ጠየቅኋት፣ እንደ ደንቡ። እሷ ግን ሌላ ነገር ይዛ ነው የመጣችው። ሰው ቦንቱን ሲሰድብ እሷ አትሰድብም፤ ግንቡ ይፈርስ እንደነበር አልረሳችም። ጠረጴዛዬ ላይ ደገፍ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሸዋዬ፣ ያቺን ልጅ በስብሰባ የጣለቻት የገዛ ወዳጇ ናት ይላሉ። አጠገቧ የምትውል ሰው ናት አሉ። አንቺ እዚያው ውስጥ ነሽ፤ ማን ናት?"

ዓይኗን አየሁት። የምትጠረጥር ሰው ዓይን አይደለም። ያው ግንቦት ላይ "ይሆናል ትያለሽ?" ብላ የጠየቀችኝ ዓይን ነው።

አላውቃትም አልኳት።

"አላህ ያውቃታል" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ማመልከቻውን እስክጨርስላት በረንዳው ላይ እጠብቃለሁ አለች። ጠረጴዛዬ የነበረበት ቦታ አግዳሚ አለ፤ እዚያ ተቀመጠች። ከወንበሬ ሆኜ ትከሻዋ ይታየኛል።

ተነስቼ በሩን ልዘጋ ሞከርኩ። እንጨቱ ክረምቱን ዝናብ ሲጠጣ ከርሞ አብጧል። ገፋሁት፣ በትከሻዬም ገፋሁት፣ አልገጥም አለ። ሳፊያ ዞር ብላ ላግዝሽ ወይ አለችኝ።

ተይው፣ ክፍት ይሁን አልኳትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ እስካሁን የጻፍኩት የእሷን ስም ብቻ ነው።